«እኔን ይድፋኝ» ያልኩ ዕለት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ያ አይጠፋኝም፣ ያን ጊዜ ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ገና ሳላነሳው ማን ሞተ እል ነበር። ከረሃቡ በፊት ይሁን በኋላ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አንዴ በፊት ይመስለኛል፣ አንዴ በኋላ። የፍልሰታ ጾም እንደነበረ ብቻ እምላለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ቦታው ላይ ስደርስ ትረዱታላችሁ።

ያኔ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ውስጥ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ኮንሲየርዥ ነበርኩ። ኮንሲየርዥ ማለት በር ከፋችም፣ ጠራጊም፣ ቧንቧ ጠጋኝም ማለት ነው። ደረጃ እወለውላለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ሻንጣ ተቀብዬ ክፍሉን አሳያለሁ። ማደሪያዬ ቬርኒየ ነበር፣ ከእነዚያ እንደ ግንብ ከቆሙት ሕንጻዎች በአንዱ፤ ጠዋት በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ ማታ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ፈረንሳይኛዬ የመጥረጊያና የባልዲ ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛው ይሻለኛል። እሱንም ቢሆን ትምህርት ቤት አይደለም ያገኘሁት፤ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ስሸከም ከእንግዳ አፍ የለቃቀምኩት ነው።

በዚህ አገር በጋ፣ በእኛ አገር ክረምት ሲሆን፣ ማረፊያው ከየዓለሙ ዳርቻ በመጡ ሰዎች ይሞላል። መሬታችን ተወሰደብን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ከሐይቁ ማዶ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ስብሰባ አላቸው፤ ተራቸው ሲደርስ ቆመው አቤት ይላሉ። በዚያ ዓመት ከመጡት መካከል ከካናዳ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከባሕሩ አፋፍ፣ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሕዝባቸው ጺምሽያን ይባላል። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ አነጋገራቸው ቀስ ያለ። ሁለተኛው ወደ አርባ የሚጠጋ ጎልማሳ ነው፤ ሻንጣውን የሚይዘው እሱ፣ በር ላይ ቀድሞ የሚቆመው እሱ።

የመጡ ዕለት ጎልማሳው ወደ ሽማግሌው እያመለከተ አንድ ነገር አለኝ። እኔ የሰማሁት «ስሙ ጌት» የሚል ነው። ጥሩ፣ ስማቸው ጌት ነው አልኩ በልቤ። እንዲያውም ታዘብኩት፤ እንዲህ ላሉ ትልቅ ሰው «ስማቸው» ይባላል እንጂ «ስሙ» ይባላል እንዴ ብዬ። ሰውየው አማርኛ እንዳልተናገረ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ብቻ ጠዋትም ማታም «ሚስተር ጌት፣ እንደምን አደሩ»፣ «ሚስተር ጌት፣ ቁልፍዎ ይኸውና» ስል ሰነበትኩ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ቁልፋቸውን ይቀበላሉ።

አንድ ቀን ጎልማሳው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ወዳጄ፣ ያ ስማቸው አይደለም። ስሞግየት ነው ያልኩህ። የቤት መሪ ማለት ነው በእኛ ቋንቋ። ቃሉ ሲፈታ እውነተኛ ሰው እንደማለት ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን አቶ እውነተኛ ሰው፣ ቁልፍዎ ይኸውና ስላቸው ነበር?»

«አዎ። ተወው ብለውኛል፣ ደስ ብሏቸዋል።»

ከዚያ ወዲህ ተግባባን። ሽማግሌው ከስብሰባ ሲመለሱ ማረፊያው ጓሮ፣ እኔ የወንበር እግር የማጠብቅበት ቦታ መጥተው ይቀመጣሉ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ቀስ ያለ ነው፣ የእኔም ቀስ ያለ ነው፤ ለሁለታችንም የሚበቃ ጊዜ ነበረን።

«ያ ልጅዎ ነው?» አልኳቸው አንዴ፣ ጎልማሳውን ማለቴ ነው።

«የእህቴ ልጅ ነው።»

«ልጅ የለዎትም እንዴ?»

«አሉኝ እንጂ። ሦስት።»

«ታዲያ ከልጆችዎ አንዱን ይዘው ቢመጡ አይሻልም ነበር?»

ሳቁ። «ልጆቼ የእናታቸው ቤት ናቸው። ከእኔ በኋላ ስሜን የሚሸከመው የእህቴ ልጅ ነው። እኔም ከእናቴ ወንድም ነው የተቀበልኩት።»

ቤት ሲሉ ግድግዳና ጣሪያ ማለታቸው አይደለም። በቋንቋቸው ዋፕ ይሉታል፤ ሰው ነው፣ ወንዝ ነው፣ ዓሣ የሚጠመድበት ቦታ ነው፣ ከጥንት የወረደ ታሪክና ስም ነው። የቤቱ መሪ የሚጠራበት ስም ከእሱ በፊት ብዙ ሰዎች የተጠሩበት ነው። እንዲሁ በመወለድ ብቻ አይገኝም አሉኝ። የቤቱ አሮጊቶች ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምረው ያዩታል፤ ይህ ስሙን ይችለዋል፣ ወይስ ስሙ ይጫነዋል ብለው። ከተቀበለም በኋላ ማን የት ዓሣ እንደሚያጠምድ የሚወስነው እሱ ነው፤ ቀድሞ የሚበላው ግን እሱ አይደለም። ከቤቱ ሰው አንዱ ቢያጠፋ ካሳውን ይዞ የሚቀርበው እሱ ነው።

«ስትሾሙ ግብር ትቀበላላችሁ?» አልኳቸው። በእንግሊዝኛዬ «ሰዎች ብዙ ነገር ያመጡላችኋል?» ነው ያልኩት።

«ስንሾም እኛ ነን የምንሰጠው» አሉ። «የሌላው ቤት ሰዎች ይጠራሉ፣ ይበላሉ፣ ስጦታ በእጃቸው ይሰጣቸዋል። ያዩትን እንዲያስታውሱ ነው። የሚያስታውስ ከሌለ ስሙ ባዶ ነው።»

ያን ምሽት አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ግብር የሚለውን ቃል ሳገላብጥ ሄድኩ። በእኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው። ግብር ማብላት አለ፣ ግብር ማስገባት አለ። ሽማግሌው ቤት ያለው አንደኛው ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት የማውቀው ሁለተኛውን ነበር።

አንዴ እንዲሁ ጓሮ ተቀምጠን «አንተስ፣ የማን ቤት ነህ?» ብለውኝ ነበር። ወንበሩን ገልብጬ ችንካር መፈለግ ጀመርኩ። «አባቴ ገበሬ ነበር» አልኳቸው። ለሁሉም የምለው እንዲያ ነበር። እውነቱን አልወድደውም ነበር። አባቴ ጭቃ ሹም ነበር። ከአያቴ የወረሰው ነው፣ ከእሱ ቀጥሎም ለእኔ ነበር፣ መሬት ላራሹ ታውጆ ሁሉም ነገር ባይገለበጥ ኖሮ። በእነዚያ ዓመታት ጄኔቭ ውስጥ ካለነው ሰዎች አንዳንዱ የሹም ልጅ ነኝ ስትለው ያጎነብስልሃል፣ አንዳንዱ ፊውዳል ብሎ ቡናህን ሳይጨርስልህ ይነሳል። እኔን ሁለቱም ያሳፍሩኝ ነበር። ከሁለቱ ግን አጎንባሹ የበለጠ ያሳፍረኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣ።

ጠዋት ነው። እንግዶቹ ወደ አዳራሹ የሚወስዳቸውን አውቶቡስ እየጠበቁ መግቢያው ላይ ተሰብስበዋል፤ ከላይም ከታችም፣ ከሰሜንም ከደቡብም የመጡ ሕዝቦች፣ እያንዳንዱ የየራሱን ልብስ ለብሷል። እኔ በሩን ይዣለሁ። ሽማግሌው ከደረጃ ወረዱ። ያን ቀን ጥቁርና ቀይ ካባቸውን ደርበው ነበር፤ ጀርባው ላይ በነጭ ቁልፍ የተሠራ ትልቅ የባሕር ዓሣ አለ። የቤታቸው ምልክት ነው። ሁሉም ዞር ብሎ አያቸው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ የካባው ጫፍ እግራቸው ሥር ገባና በሁለት እጃቸውና በጉልበታቸው ወደቁ።

እኔ ሳላስበው በሩን ለቅቄ ሮጥኩ፤ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያልኩ ነው የሮጥኩት፣ በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፄ። ክንዳቸውን ይዤ አነሣኋቸው። መዳፋቸው ትንሽ ተልጧል እንጂ ሌላ ምንም አልሆኑም። ማንም አልሳቀም። እሳቸውም ማንንም አላዩም። ካባቸውን አስተካክለው ደረጃውን መልሰው ወጡ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ፤ እሳቸው አልወረዱም።

ከሰዓት በኋላ ጎልማሳው መጣ። ፊቱ ከብዷል።

«ጠዋት ስትሮጥ ምን ነበር ያልከው?»

ነገርኩት። «እሳቸው ከሚወድቁ እኔ ልውደቅ ማለት ነው» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ላይ ወጣ። ቆይቶ ሲመለስ ከደረጃው ሥር፣ እሳቸው የወደቁበት ቦታ አጠገብ ተቀመጠና አስረዳኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው በሕዝብ ፊት ሲወድቅ የወደቀው እሱ ብቻ አይደለም። ከእሱ በፊት በዚያ ስም የተጠሩት ሁሉ አብረውት ወደቁ፤ ቤቱም ወደቀ። ሐፍረቱ ሳይታጠብ መሪው በዚያ ስም ቆሞ አይናገርም። የሚታጠበውም መውደቁን ያዩትን ሰዎች ጠርቶ፣ አዎ ወድቀናል ብሎ፣ በእያንዳንዳቸው እጅ ስጦታ በመስጠት ነው። አገራቸው ቢሆን ቤቱ ሁሉ አዋጥቶ በአንድ ቀን ያደርገዋል። እዚህ ግን ሁለት ናቸው። ሽማግሌው በአዳራሹ የሚናገሩበት ተራ ደግሞ ሊደርስ ነው። ስለ ወንዛቸው ሊናገሩ ነው ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት፤ ቤቱ ጠቅላላ ይህን ብሎ ነው የላካቸው።

«ያመጣነው የደረቀ ዓሣ አለ፤ እሱን እንሰጣለን» አለኝ። «አጎቴ ግን አንድ ነገር ጠይቀው አሉኝ። በእኛ ዘንድ በሰው ፊት ውድቀቱ የእኔ ይሁን ያለ ሰው፣ ሐፍረቱ በሚታጠብበት ቀን ከቤቱ ጋር ይቆማል። ከእንግዶቹ ጋር አይቀመጥም። የራሱን ሰው ይዞ፣ በእጁ ያለውን ይዞ ይመጣል። ያልከው ከልብህ ነበር? ልማድ ከሆነም ንገረኝ። አንቀየምህም። ቋንቋ መሆኑን እናውቃለን።»

ምን ልበላችሁ። ልማድ ነበር። እኛ ሰው ሲደናቀፍ እኔን እንላለን፤ ሕፃን ሲወድቅ፣ ብርጭቆ ከሰው እጅ ሲያመልጥ ሁሉ እንላለን። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኩት እንጃ፤ ቆም ብዬ የቃሉን ትርጉም ያሰብኩበት አንድ ቀን አልነበረም። አንድ ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ያልከውን አምነንሃል፣ ና ከእኛ ጋር ቁም ሲለኝ ፊቴ ጋለ። ወለሉን ማየት ጀመርኩ። ራሴ የወለወልኩት ወለል ነው፤ የገዛ ፊቴን አየሁበት።

ያን ጊዜ ነው የድሮው ነገር የመጣብኝ። ገና ወጣት ሳለሁ፣ የመኸር እህል በሚገባበት ሰሞን፣ ጭሰኞቹ የአባቴን ድርሻ በጀርባቸው ተሸክመው ግቢያችን ያስገባሉ። አንድ ሽማግሌ ጤፍ የሞላ ስልቻ እንደተሸከሙ ከበሩ ላይ ተደፉ። ስልቻው ተተረተረ። አባቴ ከእንግዶች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። «ጤፉን ሰብስቡት፣ አፈር እንዳይነካው» አለ። ሰዎቹ ጤፉን ለመሰብሰብ ተንበረከኩ። ሽማግሌውን የሚያነሣ ጠፋ። «እኔን ይድፋኝ አባባ፣ እኔን ይድፋኝ» እያለች የሮጠችው እህቴ ነበረች። አቅፋ አነሣቻቸው፣ በነጠላዋ ጫፍ ግንባራቸውን ጠረገች። አባቴ ጠራት። «አንቺ፣ የማን ልጅ መሆንሽን እወቂ» አላት፣ በእንግዶቹ ፊት። እኔ ከአባቴ ወንበር ኋላ ቆሜ ነበር፣ ወራሹ። ከሁላችንም ለዚያ ሹመት የምትሆነው እህቴ እንደነበረች ያኔ ማንም አላሰበም። ሴት ናት። አገባች፣ ባሏ ሞተ፣ የምታርሰው ትንሽ መሬት ስጠኝ ብላ ወደ አባቴ መጣች። «አግብተሽ ወጥተሻል፣ ይህ ቤትሽ አይደለም» አላት።

ጎልማሳው አሁንም መልሴን እየጠበቀ ነው።

«ከልቤ ነው» አልኩት።

«እዚህ አገር ዘመድ አለህ?»

«የለኝም» አልኩ። ከዚያ ደግሞ «አንድ አለ። ዙሪክ። የእህቴ ልጅ ነው» አልኩት።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የእህትህ ልጅ? ታዲያ ምን ቀረህ፣ ሁሉ አለህ።»

ይህን ሲለኝ ይበልጥ አፈርኩ። የእህቴ ልጅ ዙሪክ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ያየሁት ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ያ ልጅ ተማሪ ሳለ አብዮቱን የደገፈ፣ በኋላ አብዮቱ ራሱ ያሳደደው፣ በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣ ነው። እናቱ ያረፈችው እሱም እኔም ከአገር ከወጣን በኋላ ነው። እሱ ዙሪክ አለቀሰ፣ እኔ ጄኔቭ አለቀስኩ። በስልክ ሳጽናናው «እናንተ ቤት ሳታለቅሱላት ኖራችሁ አሁን ብታለቅሱ ምን ይሆናል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለፋሲካ ስልክ እደውላለሁ፣ እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ይለኛል። በቃ።

ይህ በስልክ የሚነገር አልነበረም። ማዳምን፣ ማለትም የማረፊያውን አስተዳዳሪ፣ የአንድ ቀን ፈቃድ ለመንኩና በማግስቱ ባቡር ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማመድ ነበር የሄድኩት። ዙሪክ ስደርስ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

የእህቴ ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ነው። መጋገሪያ ቤቱን ቤከራይ ይሉታል እዚያ። በጓሮ በር ዞርኩ። ሙቀትና የእርሾ ሽታ ወጣ። ዱቄት ቅንድቡ ላይ ተቀምጦ፣ ከአለቃው ጋር በዚያ በጉሮሮ በሚወጣ ጀርመንኛቸው ሲሳሳቅ አየሁት። ሲያየኝ ሳቁ ቆመ።

«ጋሼ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ሰው ሳይሞት ዙሪክ መጡ?»

እዚያው የዱቄት ከረጢት ላይ አስቀመጠኝና ውኃ ሰጠኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ሽማግሌውን፣ ካባውን፣ ውድቀቱን። እጁን ከሊጡ ሳያነሣ ሰማኝ።

«ስለዚህ የጭቃ ሹም ልጅ ለካናዳ ጭቃ ሹም ሊቆም ነው» አለ።

«እሳቸው እንደዚያ አይደሉም። የተለዩ ናቸው።»

«ሁሉም የተለየሁ ነኝ ነው የሚለው፣ ጋሼ። አያቴም ይሉ ነበር።»

«እሳቸው ሲሾሙ ይሰጣሉ እንጂ አይቀበሉም።»

«ይህን ያየው ማነው?»

«አላየሁም። ወድቀው ግን አይቻለሁ። አባቴ ቢወድቅ ኖሮ ያየውን ሰው ያስገርፍ ነበር። እሳቸው ያየውን ሰው ጠርተው ሊያበሉ ነው።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እሱም ሊጡን ገለበጠ። ከዚያ ግን «እርስዎስ፣ እኔን ይድፋኝ ማለት ከማን ተማሩ? ከአያቴ ቤት ይህ ቃል ይወጣል?» አለኝ።

«ከእናትህ ነው» አልኩት። ያንን የስልቻውን ቀን ነገርኩት። ነግራው አታውቅም ነበር። ሳልዘልል ነገርኩት፤ አባቴ ያላትንም፣ እኔ የት ቆሜ እንደነበርም።

እጁን ታጠበ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የታጠበው፣ ውኃውም ብዙ ፈሰሰ። ሲዞር ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«ምን ያህል ሰው ነው?»

«ሳሎኑን የሚሞላ።»

«ሰዎቹ ያን የተጎነጎነ ዳቦ፣ ጾፕፉን፣ ይበላሉ። ቅቤና እንቁላል ያለበት ነው፤ ለእርስዎ ቅቤ የሌለው ለብቻው እጋግራለሁ። ፍልሰታ አይደል?»

«አንተ ጾም ትይዛለህ እንዴ?»

«አልይዝም። እናቴ ትይዝ ነበር።»

ወደ በሩ ሲሸኘኝ መዝጊያውን ይዞ ቆመ። «ጋሼ፣ እመጣለሁ። ግን እዚያ ምን ሆኜ ነው የምቆመው? ለእናቴ አግብተሽ ወጥተሻል ተብሏል። እኔ ከየትኛው ቤት ነኝ?» ባቡር እንዳያመልጠኝ ብዬ ሄድኩ። ባቡሩ በየሰዓቱ ነበር።

ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር። ማዳም የመመገቢያ ክፍሉን ፈቀደችልን፤ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ሽማግሌው በወደቁበት ጠዋት መግቢያው ላይ የነበሩት ሁሉ ተጠርተው መጥተው ተቀመጡ። ሽማግሌው ካባቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው እንድቆም ተነግሮኛል። ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ የእህቴ ልጅ የለም። ሳይመጣ ይቀራል ብዬ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ፤ ባይመጣም የምፈርድበት ፊት አልነበረኝም። በመስኮት ሳይ ከትራሙ በኩል ከእሱ የሚበልጥ ከረጢት ጀርባው ላይ አዝሎ ጎንበስ ብሎ ሲመጣ አየሁት። ከበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ አጎንብሶ፣ ፊቱ አይታይም። ቦታዬን ትቼ ሮጥኩና ከረጢቱን ከሥር ያዝኩት። «እኔን» አልኩት። «ኧረ ይተዉ፣ ዳቦ ነው፣ አይከብድም» አለኝ። አልለቀቅሁትም። ለሁለት ይዘነው ገባን።

ጎልማሳው ተነሣና በቋንቋቸው ተናገረ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ። ምንም አልሸፋፈነም። አጎቴ በፊታችሁ ወድቀዋል፣ ያያችሁት እናንተ ናችሁ፣ ዛሬ በፊታችሁ እናጥበዋለን አለ። የደረቀውን ዓሣ በየተራ በእያንዳንዱ ሰው እጅ አስቀመጠ። ማንም አልቸኮለም። ከዚያ የእኛ ተራ መጣ። የእህቴ ልጅ ከረጢቱን ይዞ፣ እኔ ዳቦውን እያወጣሁ ዞርን። በሕይወቴ ከፊት ቆሜ ለሰው ስሰጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አንዲት አሮጊት፣ ከየት አገር እንደሆኑ አላውቅም፣ ዳቦውን ተቀብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ፤ አንገቴን ሰበርኩ።

ሽማግሌው በተራቸው ቀን ሐይቁን ተሻግረው ሄዱ፣ በአዳራሹ ቆመው ስለ ወንዛቸው ተናገሩ። እኔ አልሰማኋቸውም፣ ደረጃ እየወለወልኩ ነበር። ጎልማሳው ማታ መጥቶ «ተናገሩ» አለኝ፣ ይኸው ነው። ሲሄዱ የተረፈውን ዓሣ ሰጡኝ፤ ጾሙ እስኪፈታ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ልብሴ ሁሉ እሱን እሱን ሲሸት ከረመ። ያን ቀን ዳቦና ዓሣ የተቀበሉት ሰዎች የማስታወስ ግዴታ አለባቸው፤ ዓመቱን ከእኔ ይልቅ እነሱን ብትጠይቁ ይሻላል። የእህቴ ልጅም ኋላ አግብቶ ወለደ። ሴት ልጁ አማርኛዋ ግማሽ ነው፤ አንድ ቀን ትራም ላይ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን» ብላ ጮኸችና በጀርመንኛቸው ይቅርታ ጠየቀች። የአያቷ ቃል መሆኑን አላወቀችም፤ ነገርኳት።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት አንዲት ነገር ለመጨረሻ ስላቆየሁ ነው። ዳቦው ካለቀ በኋላ ወደ ቦታችን ስንመለስ ሽማግሌው ወንበራቸውን አዙረው አዩኝ።

«እነዚህ ሰዎች ማን ከእኔ ጋር እንደቆመ ማወቅ አለባቸው» አሉ። «አንተን ያውቁሃል፣ በር ትከፍትላቸዋለህ። አጠገብህ ያለው ማነው?»

የእህቴ ልጅ ባዶውን ከረጢት በእጁ እያጠፈ ወለሉን ያያል። ዙሪክ ላይ የጠየቀኝ ጥያቄ ራሱ ተመልሶ መጣ፣ አሁን በሰው ሁሉ ፊት። የሹም ልጅነቴን የደበቅሁት፣ አባቴ ገበሬ ነበር ያልኩት፣ ከወንበር ኋላ የቆምኩት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተነሣብኝ። መጀመሪያ እሱ እንዲሰማው በአማርኛ ተናገርኩ፣ ቀጥሎ በዚያው በሻንጣ እንግሊዝኛዬ።

«አባቴ ጭቃ ሹም ነበር፤ ወራሹ እኔ ነኝ። የወረስኩትን ሐፍረት ከእኔ ጋር ተሸክሞ የመጣው ይህ ነው። የእህቴ ልጅ ነው። ቤታችን የእናቱ ቤት ነው፣ ከእኔም ቀጥሎ እሱ ነው።»